የደርዊሽ ጣፊያ

ሰው በልጁ ይኮራል፣ በርስቱ ይኮራል፣ ሌላው ቢቀር በዘመዱ ሹመት ይኮራል። በጣፊያው የኮራ ሰው ግን ከቃሊቲው ደርዊሽ በቀር ታይቶም ተሰምቶም አይታወቅም።

ደርዊሽ ወሎዬ ነው፤ ዕድሜውን የጨረሰው ተሳቢ መኪና ላይ። ከቃሊቲ ጅቡቲ፣ ከጅቡቲ ቃሊቲ፣ ክረምት ከበጋ። ሌላው ሾፌር በአዋሽ ሙቀት ጠውልጎ ሲመጣ እሱ ፊቱ እንደ ቲማቲም ቀልቶ ይመጣል። በመኪና ማቆሚያው «ቀዩ ደርዊሽ» የሚል ስም ወጣለት። «ይሄ ሰውዬ እኮ ደሙ ተርፎት ነው» ይሉታል፤ እሱም ይህን ሲሰማ ደረቱን ነፋ ያደርጋል። ደሙ በእርግጥም ተርፎት ነበር። በሽታው ያ የተረፈው ደም ራሱ መሆኑን ያወቀ ግን አልነበረም።

ሙቅ ውሃ ገላውን ሲነካው ያሳክከዋል፤ ሳሙናውን ይረግማል። ራሱን ይፈልጠዋል፤ ፀሐይዋን ይረግማል። ጆሮው ይጮኻል፤ ሞተሩን ይረግማል። ጥፋቱን እንዲህ ለሌላው ሲያከፋፍል ኖሮ አንድ ቀን ከአዳማ ወዲህ መንገዱ ሁለት ሆኖ ታየው። የትኛው ላይ እንደሚነዳ ግራ ገባውና ዳር ይዞ ቆመ፤ መሪው ላይ ተደፍቶ እስኪተወው ጠበቀ። ለሚስቱ ለፋጡ ትንፍሽ አላለም። የነገረው ለጓደኛው ለመገርሳ ብቻ ነው። መገርሳ አቃቂ ጋራዥ ያለው መካኒክ ነው፤ ምላሱም እንደ እጁ ሻካራ ነው።

«መኪና እንኳ ሲሞቃት ትቆማለች፤ አንተ ማን ስለሆንክ ነው የማትቆመው?» አለና እየጎተተ ሐኪም ቤት ወሰደው።

ከዚህ ሐኪም ወደዚያ ሐኪም ሲባል ቆይቶ መጨረሻው ከተማ መሀል ያለው ትልቁ ሆስፒታል ሆነ። እዚያ የደም ሐኪሟ ዶክተር ዲንቄ ተቀበለችው። ዶክተር ዲንቄ ነገር አታለሳልስም፤ ደግሞም አታስፈራራም። ግራ ጎኑን ከጎድን አጥንቱ ሥር ስትጫነው ጣቷ አንድ ጠንካራ ነገር አገኘ።

«ይህ ጣፊያዎ ነው፤ አብጧል» አለችው። «ጋሽ ደርዊሽ፣ መቅኔዎ ቀይ ደም ያለልክ እያመረተ ነው። ደምዎ ወፍሯል። የወፈረ ደም ይረጋል፤ የረጋ ደም ደግሞ አንጎል ላይ ወይ ልብ ላይ ይዘጋል። ያን ቀን መንገዱ ሁለት የሆነብዎት በዚህ ነው።»

«ስም አለው?»

«የደም ካንሰር ዓይነት ነው። አይደንግጡ፤ ቀስ ብሎ የሚሄድ ነው፤ ከተያዘ ብዙ ዓመት ያኖራል። ብርቅ ነው ታዲያ፤ ብዙ ሰው አይዘውም። ወይም የያዘው ሰው ሳይታወቅ ያልፋል። ደጋ የሚኖር ሰው ደሙ ከቆላው ሰው ከፍ ስለሚል ሐኪሙ ‹የደጋ ነው› እያለ ያልፈዋል። እኔ የማጠናው ይህንኑ ነው፤ ስንቱ የደጋ ነው፣ ስንቱ የመቅኔ ነው፣ ለእኛ ሰውስ የትኛው ሕክምና ይሻላል የሚለውን። ፈቃድዎ ከሆነ እርስዎንም አስገባለሁ።»

ደርዊሽ ካንሰር የምትለዋን ቃል ሲሰማ አንገቱን ደፋ። ብርቅ የምትለዋን ሲሰማ ደግሞ ትንሽ ቀና አለ፤ ነገሩ ያስቃል እንጂ እውነት ነው። «አስገቢኝ» አላት።

ምርጫዎቹን አንድ በአንድ ነገረችው። ደሙን በየጊዜው መቅዳትና ትንሽዬ አስፕሪን መውሰድ አንዱ መንገድ ነው። በዕድሜ ለገፋና እንደሱ መንገዱ ሁለት ሆኖ ለታየው ሰው ግን የተሻለው በየቀኑ የሚዋጥ እንክብል ነው፤ መቅኔውን በልጓም ይይዘዋል። እሱም ጣጣ አለው፤ አፍ ያቆስላል፣ ጥፍር ያጠቁራል፣ ነጩን ደም እንዳያወርደው በየጊዜው ምርመራ ይፈልጋል። ሌላ የሚወጋ መድኃኒትም አለ፤ ለማግኘት ግን አስቸጋሪ ነው። «ምክሬ እንክብሉን ነው፤ መራጩ ግን እርስዎ ነዎት» አለችው።

ደርዊሽ ደም መቅዳቱን መረጠ። ዘይት ሲበዛ ይቀነሳል፤ ይህን የማያውቅ ሾፌር የለም። የሚቀዳው ደም ከረጢቱን ሲሞላ ራሱ ቅልል አለው። «አየሽ ዶክተርዬ፣ ጨረስን» አላት።

«አልጨረስንም። መሪ አይነኩም።»

ይህቺ ናት የገደለችው። ካንሰር ሲባል ያልወጣው እንባ መሪ ሲባል መጣ።

ፋጡ ከቃሊቲ ማረሚያ ቤት በር ፊት ለፊት ትንሽ ኪዮስክ አላት። እስረኛ ሊጠይቅ የመጣ ሰው ስልኩን፣ ቦርሳውን፣ ይዞ መግባት የማይፈቀድለትን ሁሉ እሷ ጋ አስቀምጦ ይገባል፤ ሳሙናና ሶፍትም ከእሷ ይገዛል። ደርዊሽ እዚያ ሳጥን ላይ ተቀምጦ ዋለ። ያን የሚያህል ተሳቢ በጅቡቲው በዲኪል በረሃ የነዳ ሰውዬ የሴት ቦርሳ ጠባቂ ሆነ። የጓደኞቹ መኪኖች ጥሩምባ እያሰሙ በፊቱ ሲያልፉ አንገቱን ይቀብራል። ፋጡ ታየዋለች። «አብሽር አንተ ሰው፤ በሕይወት አለህ አይደል?» ትለዋለች። እሱ ግን በሕይወት መኖርና ሰው መሆን ሁለት ነገር መስሎት ነበር።

ጣፊያው ያዳነው ይሄኔ ነው።

ዶክተር ዲንቄ አንድ ቀን ደሙ ሲቀዳ አጠገቡ ቁጭ አለች። «ጋሽ ደርዊሽ፣ ለፈተና ይሁኑኝ» አለችው። የሕክምና ተማሪዎች ከመመረቂያቸው በፊት በእውነተኛ በሽተኛ ይፈተናሉ። ተማሪው ከበሽተኛው ጋር ብቻውን ይገባል፤ ይጠይቃል፣ ይመረምራል፤ ቀጥሎ ፈታኞቹ ይመጡና በሽታው ምን እንደሆነ፣ በምን እንደሚታከም ይጠይቁታል። በሽተኛው ሦስት ሕግ አለው። የበሽታውን ስም አይናገርም፤ ተማሪው ለጠየቀው እውነቱን ይመልሳል፤ ፈታኞቹ ከገቡ በኋላ ግን አፉን አይከፍትም። «የእርስዎን ዓይነት ጣፊያ ከመጽሐፍ አያገኙትም» አለችው።

አራተኛ ክፍል ላይ ደብተሩን የጣለው ደርዊሽ ይህን ሲሰማ ምን እንደሆነ ፋጡ ትናገር። የዒድ ኮቱን አወጣ፣ ተላጨ፣ ጫማውን አስጠረገ። የወደፊት ሐኪሞች እየፈሩና እየተንቀጠቀጡ «ይተንፍሱ አባቴ» እያሉ ከጎድኑ ሥር ሲፈልጉ እሱ ጣሪያውን እያየ ይተነፍስላቸዋል። አንዱ እጁ እንደ ቡጢ ነው፣ ሌላው ጣፊያውን ትቶ አንጀት ይጎረጉራል። አንዱ ደግሞ ልክ ጣቱ ሲነካው ዓይኑ ይበራል፤ ያን ጊዜ የደርዊሽም ዓይን ይበራል። ተማሪው ሲወጣ ፈታኞቹ ደርዊሽን ይጨብጡታል። አልጋው አጠገብ ቆመው እጁን የሚጨብጡት ፕሮፌሰሮች ናቸው እኮ።

ማታ ኪዮስኩ ሲደርስ «ዛሬ ሁለት ሐኪም አስመረቅሁ» ይላል። መኪና ማቆሚያው ሰማ፣ አቃቂ ሰማ። ቀዩ ደርዊሽ ቀርቶ ፕሮፌሰር ደርዊሽ ሆነ። መገርሳ ሊያሾፍበት «ጣፊያህን እስቲ አሳየን» ሲለው «አንተ መካኒክ ነህ፤ ምን ይገባሃል?» ብሎ ይመልስለታል። ሰው በምን እንደሚቆም አይታወቅም፤ ደርዊሽ በጣፊያው ቆመ።

ዓመት ዞረ። አንድ ከሰዓት ከፋጡ ጋር ሻይ ሲጠጣ ግራ እጁ ለቀቀውና ብርጭቆው ወድቆ ተሰበረ። ጣቶቹን ሊያጥፍ ቢሞክር እምቢ አሉ። ትንሽ ቆይቶ ተመለሱ፤ ፋጡ ግን ልቧ አልተመለሰም። በማግስቱ ክንዱን ይዛ ዶክተር ዲንቄ ፊት አቀረበችው።

«ከእንግዲህ ደም መቅዳት ብቻ አይበቃም» አለች ዶክተሯ። «ያ ማስጠንቀቂያ ነው፤ ሁለተኛው ማስጠንቀቂያ ላይሆን ይችላል። ዛሬውኑ እንክብሉን ይጀምራሉ።» ፋጡም በሱ ፈንታ «ይጀምራል» አለች። ከዚያ ዶክተር ዲንቄ ደስ ልታሰኘው ብላ «ደግሞ ያዩታል፤ ጥቂት ወር ሲውጡት ጣፊያዎ ይገባል። እንኳን ተማሪ እኔም ፈልጌ አላገኘውም» ብላ ጨመረች።

እሷ የምሥራች የነገረችው መስሏታል። ደርዊሽ የሰማው ስንብት ነው። ጣፊያው ከገባ ማን ይጠራዋል? ኮቱን ለማን ይለብሳል? እንደገና ሳጥን ላይ ቁጭ፤ እንደገና ቦርሳ ጠባቂ። ወደ ቃሊቲ ሲመለሱ ሚኒባሱ ውስጥ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ፤ ፋጡም ሕመሙ ነው ብላ ተወችው።

ከማግስቱ ጀምሮ ደርዊሽ በሕይወቱ አድርጎት የማያውቀውን አደረገ። ጠዋት ጠዋት ፋጡ እያየችው እንክብሉን አፉ ውስጥ ይከታል፣ ውሃ ይጎነጫል፣ «አልሐምዱሊላህ» ይላል። ከዚያ ወደ ጓሮ ዞሮ ከምላሱ ሥር አውጥቶ ይተፋዋል። ያቺ የእስረኛ ጠያቂ ምግብ ውስጥ የደበቀውን በአካሄዱ የምታውቅ ሴት ባሏን አልጠረጠረችም። ለምን ትጠርጥረው? ሠላሳ ዓመት ሲኖሩ ዋሽቷት አያውቅም። ደርዊሽ ለራሱ የሚለው ነገር ነበረው፤ «ፈተናው ይለፍና እውጠዋለሁ፤ የዘንድሮዎቹን ላስመርቅ ብቻ።» ሰው ራሱን ሲያታልል አፉ እንዴት እንደሚጣፍጥ!

ዶክተር ዲንቄ ግራ ገባት። ወር አልፎ ወር ተተካ፤ ጣፊያው እንዳለ ነው፣ ደሙም አልወረደም። ዶዙን ጨመረችለት፤ እሱም የተጨመረውን ተፋው። በመጨረሻ እሱንና ፋጡን አስቀምጣ «መድኃኒቱ እርስዎ ላይ አልሠራም። አንዳንድ ሰው ላይ እንዲህ ይሆናል። ከፈተናው በኋላ ወደ ሌላ ጠንካራ መድኃኒት እንለውጣለን፤ እሱ ግን የዋዛ አይደለም» አለች። ፋጡ ነጠላዋን ፊቷ ላይ አድርጋ አለቀሰች። ያን ቀን ደርዊሽ ሊናገር አፉን ከፍቶ ነበር፤ መልሶ ዘጋው። ፈተናው ሳምንት ነው የቀረው።

የፈተናው ቀን ደረሰ። ደርዊሽ ኮቱን አውልቆ አልጋው ላይ ጋደም እንዳለ በሩ ተከፍቶ አንዲት ቀጠን ያለች ልጅ ገባች። ሒጃቧ ነጭ፣ ጋውኗም ነጭ፣ ጋውኗ ደግሞ ሁለት የሷን ዓይነት ይይዛል። «አሰላሙ ዓለይኩም አባቴ። ናዕማ እባላለሁ» አለች። የስልጤ ልጅ መሆኗን ከአነጋገሯ ለየ።

ናዕማ ከመንካቷ በፊት እጆቿን አፋትጋ አሞቀቻቸው። ደርዊሽ ይህን ወደደላት፤ ስንቱ በረዶ እጁን ጎኑ ላይ ለጥፎበታል! ስለ ማሳከኩ ጠየቀችው፣ ስለ ጅቡቲ፣ ስለ እጁ መልቀቅ፣ ስለሚወስደው እንክብል። ከጎድኑ ሥር ጣቷን አስገብታ «ይተንፍሱ» ስትለው ገና በመጀመሪያው ትንፋሽ አገኘችው። ‹ይቺስ አለቀላት፤ አለፈች› አለ በልቡ።

እሷ ግን አልጨረሰችም። እጁን አንስታ ጥፍሮቹን አየች። ወደ መስኮቱ አዙራ አየች። የእግሩንም አየች። ከዚያ የደም ምርመራውን ውጤት አንብባ ቀና አለች፤ እንደገና አነበበችው።

«አባቴ፣ ይህን እንክብል ከጀመሩ ቆዩ አይደል?»

«ቆየሁ።»

«አፍዎ ቆስሎ ያውቃል?»

«ኧረ ምንም።»

ወረቀቱን አስቀመጠች። ከዚያ ቀስ ብላ፣ እንደ ገዛ ልጁ ዓይን ዓይኑን እያየች፣ «ይውጡታል?» አለችው።

ከዚያ ሁሉ ተማሪ ይህን የጠየቀው አልነበረም። ምን ትወስዳለህ ይሉታል እንጂ ትውጣለህ ያለው የለም። የፈተናው ሕግ እውነት ተናገር ነው። ደርዊሽ ጣሪያውን አየና «እውጣለሁ» አላት። ወላሂ ግን አላለም፤ ምላሱ እምቢ አለው።

ፈታኞቹ ገቡ፤ ዶክተር ዲንቄና ከሌላ ዩኒቨርሲቲ የተጋበዙ አንድ ሽማግሌ ፕሮፌሰር። ሽማግሌው ዓይናቸው ከመነጽራቸው በላይ የሚያይ፣ ፈገግታ የሚሰስቱ ሰው ናቸው። ናዕማ በእንግሊዝኛ ታስረዳ ጀመር። ደርዊሽ የወደብ እንግሊዝኛ አለው፤ በዚያ ላይ በሽታው የራሱ ነውና አልጠፋውም። በሽታውን በስሙ ጠራችው። ለምን የደጋ እንዳልሆነ ተነተነች። ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። ቀጥሎ «ይህ ሰው እንክብሉን ይህን ያህል ወር ወስዶ አልተሻለውም፤ ምን ታደርጊያለሽ?» አሏት። መልሱ ወደ ጠንካራው መድኃኒት መለወጥ ነበር። ዶክተር ዲንቄ የምታምነውም ይህንኑ ነው።

ናዕማ አልለውጥም አለች። «መድኃኒቱ እምቢ ያለ አልመሰለኝም። የቆየበት ሰው ብዙ ጊዜ ጥፍሩ ይጠቁራል፤ የእሳቸው ንጹሕ ነው። መድኃኒቱ የደም ሕዋሱን ያተልቀዋል፤ የእሳቸው ትንንሽ ነው። ምናልባት… በትክክል አይወስዱት ይሆናል።»

«ጠይቀሻቸዋል?»

«ጠይቄያቸዋለሁ። እውጣለሁ ብለውኛል።»

ሽማግሌው ብዕራቸውን ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። ከዚያ እንግሊዝኛውን ተዉና ሆን ብለው በአማርኛ ተናገሩ። «እንግዲያው ሰውየው ይዋሻሉ ማለትሽ ነው። እዚሁ ተኝተዋል። እስቲ ፊታቸው ላይ ዋሽተዋል በያቸው።»

ናዕማ ወደ ደርዊሽ ዞረች። ደርዊሽ በዚያች ልጅ ፊት ላይ አባቷን አየ፣ እናቷን አየ፣ ያሳደጋትን ሰፈር በሙሉ አየ። የአባትሽን እኩያ ዋሽተሃል አትበይ ተብላ ነው ያደገችው። በጥፍር አውቃለች፣ በደም አውቃለች፤ ግን ይህን ቃል አፏ አላወጣም አለ። ዓይኗ ውሃ ሞላ።

«ይቅርታ» አለች ወደ ሽማግሌው ዞራ። «እኔ… ተሳስቼ ይሆናል።»

ሽማግሌው ብዕራቸውን አነሱ።

ደርዊሽ በዚያች ቅጽበት ምን እንደታየው ኋላ ለፋጡ ነግሯታል። ልጅቷ ልትወድቅ ነው፤ ስላላወቀች አይደለም፤ እሱን ስላከበረች ነው። እሱ ለዋሸው እሷ ልትከፍል ነው። አንድም ፈተና ላይ ፈታኞች ፊት አፉን ከፍቶ የማያውቀው ሰውዬ ብድግ ብሎ አልጋው ላይ ተቀመጠ።

«ልጅቷ አልተሳሳተችም» አለ።

«ጋሽ ደርዊሽ፣ እርስዎ አይናገሩም» አለች ዶክተር ዲንቄ።

«ዛሬስ እናገራለሁ። አልዋጥኩትም ዶክተር። አንድ ቀን እንኳ አልዋጥኩትም። ፋጡ ፊት አፌ ውስጥ ከትቼ ጓሮ እተፋው ነበር። ይቺ ልጅ ስትጠይቀኝ ዋሸኋት። እኔው ነኝ ጥፋተኛው፤ እሷን አትንኳት።»

ዶክተር ዲንቄ ፊቷ ተለዋወጠ። «ለምን?» አለች።

«ጣፊያው ከገባ ማን ይጠራኛል ብዬ» አለ ደርዊሽ። ይህን ሲል አንገቱን አላቀረቀረም። «መሪውን ወሰዳችሁብኝ፤ እሺ አልኩ። ከዚያ በኋላ ሰው ያደረገኝ ይሄ ፈተና ነው። እሱንም ሲወስዱብኝ አቃተኝ።»

ሽማግሌው መነጽራቸውን አውልቀው በጋውናቸው ጫፍ ይወለውሉ ጀመር፤ ቆሻሻ አልነበረበትም።

ዶክተር ዲንቄ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ተናዳ ነበር፤ መናደዷንም አልደበቀችም። «እኔ በጥናቴ ውስጥ በጋሽ ደርዊሽ ላይ መድኃኒቱ አልሠራም ብዬ ላሰፍር ነበር» አለች። «ይህ በሽታ ያለበት ሰው ጥቂት ነው፤ የእያንዳንዱ ሰው ውጤት ይቆጠራል። ነገ የሆነ አገር ያለ ሐኪም እሱን አንብቦ ለአንድ በሽተኛ የሚያድነውን መድኃኒት ሊከለክለው ይችል ነበር። እኔም ለእርስዎ የማያስፈልግዎትን ከባድ መድኃኒት ላዝዝልዎ ነበር። ደግሞ አንድ ቀን ደሙ አንጎልዎ ላይ ቢዘጋ ፋጡን ምን እላታለሁ?»

ይህን ደርዊሽ አላሰበውም ነበር። የተፋው ለራሱ ብቻ መስሎት ነበር። እጁን ወደ ተሰቀለው ኮቱ ዘረጋ፤ ከኪሱ የጠዋቷን እንክብል አወጣ፤ ጓሮ ሳይሄድ ስለቸኮለ በሶፍት ጠቅልሎ ይዟት ነበር። «ውሃ» አለ። ናዕማ አቀበለችው። ስድስት ዓይን እያየው ዋጣት፤ አፉንም ከፍቶ፣ ምላሱንም አንስቶ አሳየ።

ሽማግሌው ወደ ናዕማ ዞሩ። «እንግዲህ ጥያቄዬን ልድገመው። ለዚህ ሰው ምን ታዢለታለሽ?»

ናዕማ እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች። «ያንኑ መድኃኒት። የሚለወጥ ነገር የለም» አለች። «ግን ‹ይውጡታል ወይ› ብቻ ብሎ መጠየቅ አይበቃም ነበር። ለምን እንደማይውጡት መጠየቅ ነበረብኝ።»

ሽማግሌው ፈገግ አሉ። ያን ፈገግታ ደርዊሽም አየው፤ ልጅቷ ማለፏን ያወቀው ያኔ ነው።

ከፋጡ ጋር የሆነው ግን ፈተና ሳይሆን ቁጣ ነው። ሆስፒታሉ በር ላይ ስትጠብቀው ነበርና እዚያው ሰማች። ቃሊቲ ከሚኒባሱ እንደወረዱ «የእስረኛ ጠያቂ እንኳ ሳይፈተሽ አይገባም። ከነገ ጀምሮ አንተም በእኔ እጅ ነህ» አለችው። ከዚያ ቀን ወዲህ በየጠዋቱ ይውጣል፣ አፉን ይከፍታል፣ እሷ ምላሱን ታስነሳለች። መገርሳ ሰምቶ ሳምንት ሙሉ ሳቀበት። ደርዊሽም ይሳቅብኝ ብሎ ተወው፤ የሚገባው ነገር ሲመጣበት የሚሸሽ ሰው አልነበረም።

አፉ ቆሰለ፣ ዳነ። ጥፍሩ እየጠቆረ መጣ። የፊቱ ቅላት ለቀቀ፤ የሚያውቁት ሁሉ «ከሳህ» ሲሉት «ዳንኩ» ይላቸዋል። የሚቀጥለው የፈተና ወቅት መጣ፤ አልተጠራም። ኮቱ እንደተሰቀለ ቀረ። ያን ቀን ኪዮስኩ ውስጥ ሳጥኑ ላይ ቁጭ ብሎ ዋለ፤ ከፍቶት ነበር፤ ፋጡም እንደከፋው አውቃ ሻይ አቀረበችለት።

ከዚያ በኋላ ባለው ቀጠሮው ከፋጡ ጋር ሆስፒታል ሄደ። ዶክተር ዲንቄ ወጥታ ነበርና መጋረጃውን ገልጣ የገባችው ናዕማ ናት። አሁን በሥራ ላይ የምትለማመድ ሐኪም፣ ኢንተርን፣ ሆናለች፤ ጋውኗም ልኳ ነው። በደስታ ትከሻውን ሳመችው። ከዚያ እጆቿን አፋትጋ አሞቀችና ጣቶቿን ከጎድኑ ሥር አስገባች።

«ይተንፍሱ አባቴ።»

ተነፈሰ። ጣቷ ፈለገ። «እንደገና።» ተነፈሰ። በጎኑ አስተኛችው፤ ጠለቅ አድርጋ ፈለገች። «አንዴ ይድገሙልኝ።» በሙሉ ሳንባው ተነፈሰላት።

ናዕማ እጇን አወጣች። ፊቷ በራ። «አጣሁት» አለች። «የለም።»

ከመጋረጃው ወዲያ ተራ የሚጠብቁ ሰዎች ነበሩ። ደርዊሽ ሸሚዙን ሳይቆልፍ መጋረጃውን ገልጦ ወጣ። «ይቺን ሐኪም አያችኋት?» አላቸው። «እኔ ነኝ ያስመረቅኋት።»

ፋጡ አፈረች። «አንተ ደግሞ፤ እውነቱን ተናገር እንጂ። ዋሽተሃት አልነበር?» አለችው።

«አዎ፣ ዋሽቻታለሁ» አለ ደርዊሽ፤ ድምፁ ኮሪደሩን ሞላው። «እውነቱን የነገሩት ሐኪም ቢያውቅ ምን ይደንቃል? ይቺ እኮ እየዋሸኋት ያወቀች ናት።»